ምራውኡ ከባጋን ትበልጣለች አልኩ፣ ወሬው ዞሮ ሳሎኔ ገባ

ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን የባጋን፣ የዚያች የምያንማር (የድሮዋ በርማ) የቤተ መቅደስ ከተማ፣ ፎቶ በላይ በላዩ ሲለጠፍ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ባጋን ታምራለች፣ አልክድም። ግን እዚያው አገር ያለችውን ሌላዋን ጥንታዊ ከተማ፣ ምራውኡን፣ ሳታዩ አትማሉ።

እንዴት እንደደረስኩ ልንገራችሁ። 2016 መጀመሪያ ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አክስቴን ለሕክምና ባንኮክ ይዣት ሄጄ ነበር። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ልጇ ከዋሽንግተን መጥታ ስትተካኝ የመመለሻ ትኬቴ ገና 11 ቀን ይቀረው ነበር። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከምጎለት ብዬ የምያንማር ቪዛ አስመታሁ። ባጋንን በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሦስት ቀን ዞርኳት። ከዚያ ሲትዌ ወደምትባል የወደብ ከተማ በረርኩ። ከሲትዌ በእንጨት ጀልባ የካላዳንን ወንዝ ሽቅብ አምስት ሰዓት ተኩል። ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል። ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳና ጭቃ ውስጥ የተኛ ጎሽ ነው።

ምራውኡ ከ1430 እስከ 1785 የአራካን መንግሥት መዲና ነበረች። የባጋን ቤተ መቅደሶች በጡብ የተሠሩ ናቸው፣ የምራውኡዎቹ ግን በአብዛኛው ጥቁር ያለ ድንጋይ ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጠባብ ስለሆነ ከሩቅ ምሽግ ይመስላሉ። ትልቁ ሺታውንግ ይባላል፤ ትርጉሙ 80,000 የቡድሃ ምስሎች ማለት ነው። ሚን ቢን የሚባል ንጉሥ በ1535 አካባቢ ነው ያሠራው። ልጁ ሚን ዲካ ደግሞ አባቴን ልብለጥ ብሎ ኮታውንግን ሠራ፤ 90,000 ማለት ነው። ዱካንቴይን የሚባለው ውስጥ መተላለፊያው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ግድግዳው ላይ የመኳንንት ሚስቶች በ64 ዓይነት የፀጉር አሠራር ተቀርጸዋል። ሹሩባ የሚመስልም አይቻለሁ።

ከሁሉ የማረከኝ ግን ጠዋቱ ነው። ሰዉ የሚኖረው እዚያው ፍርስራሹ መሐል ነው። ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ፍየል ደረጃው ላይ ይተኛል። የማገዶው ጭስ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ የመቅደሶቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። በሦስት ቀን ውስጥ ያየሁት ቱሪስት አሥር አይሞላም። ጸጥታው ልብ ያሳርፋል። ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ባጋን ለፎቶ፣ ምራውኡ ለሰው።

ለማስታወሻ ከኮታውንግ አጠገብ አንዲት ልጅ መዳፍ የምታክል የተቀረጸች ድንጋይ በ4 ዶላር ሸጣልኛለች። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ቲቪው ሥር ተቀምጣለች። ፎቶዋን ከታች አያይዣለሁ። እስቲ ከእናንተ ማን ሄዷል?

ይህን ለጥፌ ተኛሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 19 መልስ መጣ። አንዱ ጓደኛዬ የመልሱ ሰንሰለት በጣም ረዘመብኝ፣ አሳጥረህ ንገረኝ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ቁጥር 1 ምስጋና አቀረበና ጀልባው ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀ። የበላሁትንም እንድነግረው ፈለገ። ዓሣና ሩዝ፣ በርበሬው እኛን የሚያስንቅ ነው ብዬ መለስኩለት። የጀልባውን ዋጋ ግን ረስቼዋለሁ፤ ረስቼዋለሁ ማለቱን ደግሞ ረሳሁት።

ቁጥር 2 በጣም ጨዋ ሰው ነው። አመስግኖኝ ሲያበቃ አንድ ነገር እንዳርም ለመነኝ። ምራውኡን ከባጋን ጋር አንድ ላይ የበርማ ነገሥታት ሥራ አስመስዬ ማቅረቤ እንዳልጣመው ገለጸ። አራካን የራሷ ንጉሥ፣ የራሷ ገንዘብና የራሷ የባሕር ኃይል የነበራት አገር ነበረች፤ በርማዎች የወሰዷት በጦር ነው። ሲወስዷትም ማሃሙኒ የተባለውን ትልቁን የነሐስ ቡድሃ ጭነው ሄዱ። ዛሬ ማንዳላይ በምትባል የበርማ ከተማ የሚገኘውና ወንዶች በየቀኑ የወርቅ ቅጠል የሚለጥፉበት እሱ ነው። የራካይን (የዛሬው የአራካን ስም ነው) ሰው ፊት ምራውኡ የበርማ ቅርስ ናት ብሎ መናገር ጎንደሬን ስለ ፋሲል ግንብ ፖርቹጋሎች ሠሩት እንደማለት ነው አለ። ምሳሌው ልክ አልገጠመም፣ ግን ገባኝ።

ቁጥር 3 ባንኮክ የምትኖር እህት ናት፣ የባጋን ጠበቃ። በነሐሴ 2016 ባጋን በ6.8 ርዕደ መሬት ስትመታ እሷ ከወር በኋላ እዚያ ነበረች። የተሰነጠቁትን ጉልላቶች በቀርከሃ ደግፈዋቸው አይታለች። ሰው ድሮ ጀምበር ለማየት መቅደሶቹ ላይ ይወጣ የነበረው ከዚያ ወዲህ እንደተከለከለ ነገረችን። ባጋን ከ2,200 በላይ ቤተ መቅደስ ተርፎላት በ2019 ዩኔስኮ መዝገብ ገብታለች፤ ምራውኡ ግን ከ1996 ጀምሮ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ከተማን በሦስት ቀን በሞተር ዞሮ ለፎቶ ብቻ ነው ማለት ድፍረት እንደሆነ ጻፈች። ተቀበልኩ። ለፎቶ የሚለውን አጥፍቼ ለጀምበር ብዬ ቀየርኩት። እሱም አላስደሰታትም።

ቁጥር 4 እሷን ተከትሎ መጣ፣ ትንሽ ቆንጠጥ እያደረገ። ባጋን እንዲህ ጽድት ብላ የምትታየው ነዋሪዎቿ በ1990 ከአሮጌው ቅጥር ውስጥ ተነሥተው ኒው ባጋን ወደሚባል ሜዳ ስለተወሰዱ እንደሆነ አስታወሰን። ባዶ ሜዳ ላይ የቆመ መቅደስ ለቱሪስት ያምራል፤ ለመነኩሴው ቁርስ የሚሰጠው ጎረቤት ግን አጠገቡ የለም። ላሊበላም በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበረው ሰው ተነሥቶ ቤቶቹ ባዷቸውን መቅረታቸውን ጠቀሰ። ይህ መልስ ብዙ ላይክ አገኘ። ቁጥር 3 ግን ውይይቱ እስኪያልቅ ስሙን አልጠራችውም፤ ስትጠቅሰው ከላይ ያለው ሰውዬ እያለች ነው።

ከዚያ ወሬው ወደ ጫማ ገባ፣ እንዴት እንደገባ እንጃ። ቁጥር 5 ቤተ መቅደሱ ውስጥ ጫማ ይወለቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይወለቃል፣ ካልሲም ጭምር። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ስለለመድነው አልከበደኝም። ፈረንጆቹ ግን በር ላይ ቆመው ሲደራደሩ አይቻለሁ። ቁጥር 6 ያንጎን ከተማ ያለው ሽዌዳጎን የሚባለው ቤተ መቅደስ እኩለ ቀን ላይ እብነ በረዱ እንደ ምጣድ እንደሚፋጅ፣ እሱም እየዘለለ እንደዞረ ተረከ። ቁጥር 7 ቢያንስ ቁንጫ የለም ብሎ የላሊበላን ምንጣፍ አማ። ይህንን አወያዩ ሊያጠፋው ሲል ሦስት ሰው ቁንጫው እውነት መሆኑን መሰከረ። የሺታውንግ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ በባዶ እግሬ የረገጥኩት ለስላሳ ነገር የሌሊት ወፍ ኩስ እንደነበር እዚህ ጋ ልናዘዝ።

ቁጥር 8 ረጅሙ መልስ ነው፣ እኔም የወደድኩት። የአራካንን ታሪክ ወደ እኛ አስጠጋው። የምራውኡ መሥራች ንጉሥ ሚን ሶ ሞን ዙፋኑን አጥቶ 24 ዓመት ያህል ቤንጋል በስደት ኖሯል። የተመለሰውም በቤንጋል ሱልጣን ጦር ነው። ለዚህ ነው የቡድሂስቶቹ ነገሥታት ሳንቲማቸው ላይ በፋርስ ፊደል የሚያስጽፉት፣ የእስላም ማዕረግም የሚጨምሩት። ታዲያ ያ የቤንጋል ቤተ መንግሥት ምን ሆነ? በ15ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሱልጣን ሩክኑዲን ባርባክ ሻህ ሐበሻ ባሪያዎችን በሺህ እያስመጣ በወታደርነትና በሹመት አስገባቸው። ከ1487 ጀምሮ እነሱ ራሳቸው ዙፋኑን ያዙት። ስድስት ሰባት ዓመት ያህል ቤንጋልን ሐበሻ ሱልጣኖች ገዙ ማለት ነው። ምራውኡ ያኔ ጎረቤት ነበረች። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ በምራውኡ ገበያ ሐበሻ ሳይረግጥ እንዳልቀረ ገመተ።

ቁጥር 9 በአንድ መስመር አፈረሰው። የትም ሄደን፣ ጨረቃ ላይም ብንወጣ፣ የሐበሻ ዱካ ሳናገኝ እንደማንመለስ ጻፈና የሚስቅ ፊት ጨመረ። ከዚያ መሳደብ ተጀመረ። አወያዩ አራት መስመር አጠፋ። ምን እንደነበረ አላየሁም፣ ቁጥር 9 ግን ስለ እናቱ እንደሆነ አጥብቆ ይናገራል።

ቁጥር 10 የታሪክ መምህር ይመስላል። ለሁለቱም ፈረደ። የሐበሻ ሱልጣኖቹ ነገር ሐቅ ነው፤ ከእነሱ አንዱ ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ያቆመው የጡብ ማማ፣ ፊሩዝ ሚናር፣ ሕንድ ውስጥ ጋውር በምትባለው የፈረሰች መዲና ዛሬም ቆሟል። ነገር ግን ሐበሺ የሚለው ስም በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ቀንድና ከዚያም ወዲያ ለተጋዘ ሰው ሁሉ የሚሰጥ ነበር። አማርኛ ይናገሩ ነበር ብሎ መኩራራት አይቻልም። የተወሰዱት ደግሞ በሰንሰለት ነው፣ ለጉብኝት አይደለም። አክሎም የምራውኡ ሀብት ራሱ ከዚሁ ንግድ እንደነበረበት አነሣ። አራካኖችና ፖርቹጋላዊ ሽፍቶች በጀልባ ቤንጋልን እየወረሩ ሰው ያግዙ ነበር፤ ሆላንዶች ሩዝና ባሪያ ከምራውኡ ይገዙ ነበር። በ1630 እዚያ የደረሰው ማንሪኬ የሚባል ፖርቹጋላዊ መነኩሴ የንጉሡ ጠባቂዎች ውስጥ ክርስቲያን ጃፓናውያን ሳሞራዮች አግኝቷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን ጸጥ ያለ ሜዳ ጫጫታ ሞልቶበት እያየሁት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ቁጥር 11 መጣች።

ስለ መቅደሱም ስለ ቡድሃም አንድ ቃል አልተናገረችም። ያያዝኩትን ፎቶ ቆርጣ ድንጋዩን አጉልታ መልሳ ለጠፈችው። ሰላምታም የለ። የመቅደላን ዘረፋ በየዓመቱ እያነሣን የምናለቅስ ሰዎች ቲቪ ሥር የሰው አገር መቅደስ ቁራሽ አስቀምጠን እንዴት እንደምንተኛ ጠየቀችኝ። በ1997 አፍሮ አይገባ ከላሊበላ ሲሰረቅ አገር እንዳዘነ አስታወሰች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቤልጂየማዊ ነጋዴ ቤት የተገኘው መስቀል እሱም በገንዘብ የተገዛ እንደነበር፣ ገዢውም ሕጋዊ ገዢ ነኝ ይል እንደነበር ጻፈች። የምያንማር ሕግ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን እንደሚከለክልም ጨመረች። መጨረሻ ላይ ከቤልጂየሙ ሰውዬ በምን እንደምለይ እንዳስረዳት ጠየቀች።

እኔም ቸኩዬ መለስኩ፣ ባልመልስ ይሻል ነበር። ድንጋዩ ትንሽ እንደሆነ፣ ልጅቱም እንዳሳዘነችኝ ጻፍኩ። እሷ አልመለሰችልኝም። በኋላ ሳነበው እኔም አሳፈረኝ።

ቁጥር 12 ሊያድነኝ ሞከረ። እኔ ባልገዛት ድንጋዩ መንገድ ላይ ይረገጥ እንደነበር፣ ለዚያች ልጅ ግን 4 ዶላሩ ደብተርና እርሳስ እንደሆነ ተከራከረ። ቁጥር 13 የአክሱም ልጅ ነው፣ በትሕትና ጀምሮ በንዴት ጨረሰ። እሱም ልጅ ሆኖ ከዝናብ በኋላ ማሳ ለማሳ እየዞረ የጥንት ሳንቲም ለቅሞ ለቱሪስት ሸጧል። በገንዘቡ ብስኩትና ኳስ ገዝቷል። ዛሬ ግን ቱሪስቶቹን አያመሰግናቸውም። ልጅ የሚሸጠው ገዢ ስላለ ነው፤ ገዢ ሲበዛ ደግሞ ከልጁ ኋላ ዶማ የያዘ ትልቅ ሰው ይመጣል። ይህን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ቁጥር 14 ድንጋይ ጠራቢ ነኝ አለና ሌላ በር ከፈተ። የድንጋዩን ጀርባና የተሰበረበትን ጠርዝ ፎቶ እንዳነሣለት ጠየቀኝ። አነሣሁለት። ጠርዙ ሹል ነው፣ ጭረቱም አዲስ ይመስላል ብሎ ለቱሪስት ታስቦ የተቀረጸ የሰሞኑ ሥራ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። እሰይ አልኩ! አራት ዶላር ተበልቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታዬ አሥር ደቂቃ ቆየ። ቁጥር 11 ብቅ ብላ፣ አዲስ ቁጥርም ሳትወስድ በ14 ሥር፣ ስገዛት አሮጌ ናት ብዬ እንደነበር አስታውሳኝ ወጣች።

ቁጥር 15 ሽማግሌ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ አጻጻፋቸው የድሮ ነው። እኔን ሳይነኩ አንድ ታሪክ ብቻ አወጉ። አንኮር ውስጥ፣ ካምቦዲያ ማለት ነው፣ የተሠሩ የነሐስ ሐውልቶች ነበሩ። በ1431 የታይ ጦር ወደ መዲናው አዩታያ ወሰዳቸው። በ1569 የበርማው ንጉሥ ከአዩታያ ወደ ራሱ መዲና ባጎ (ባጋን አይደለችም) አመጣቸው። በ1599 አራካኖች ባጎን ዘርፈው ወደ ምራውኡ ጫኗቸው። ምራውኡ ስትወድቅ ደግሞ ከማሃሙኒ ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ዛሬ ስድስት ብቻ ቀርተው ማንዳላይ ማሃሙኒ ግቢ ውስጥ አሉ። የታመመ ሰው እሱን የሚያመውን ቦታ ሐውልቱ ላይ ያሻሻል፤ ሆድና ጉልበታቸው ከመታሸቱ ብዛት ያበራል። እሳቸውም የግራ ጉልበቱን አሽተው እንደነበር፣ ጉልበታቸው ግን ያው እንደሆነ ገልጸው አበቁ። የእኔ ድንጋይ ከእነዚያ ሐውልቶች ተርታ ተሰለፈች ማለት ነው። ያለ ስድብ እንዲህ የወጋኝ የለም።

ቁጥር 16 የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሆና ራካይን ውስጥ ሁለት ዓመት ኖራለች። ስለ ድንጋዩ አላነሣችም። ጸጥታው ልብ ያሳርፋል ያልኩትን ዓረፍተ ነገር ነው የያዘችው። ጸጥታው ከየት እንደመጣ ጠይቄ እንደሆነ ልታውቅ ፈለገች። በ2012 የራካይን ቡድሂስቶችና ሮሂንጃ ሙስሊሞች ሲጋጩ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው መፈናቀሉን፣ አብዛኛው ሮሂንጃ መሆኑን፣ ሲትዌ ዳር ካምፕ ውስጥ ታጥሮ መቅረቱን ጻፈች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እዚያው ምራውኡ ወረዳ፣ ያን ቴይ በሚባል መንደር፣ በአንድ ቀን ቢያንስ 70 ሮሂንጃዎች ተገድለዋል። በ2017 ከ700,000 በላይ ወደ ባንግላዴሽ ሸሹ። ከዚያ ደግሞ የራካይን ታጣቂዎችና የመንግሥት ጦር ተዋጉ፤ በ2024 መጀመሪያ የአራካን ጦር የሚባሉት እነዚሁ ታጣቂዎች ምራውኡን ያዙ። መቅደሶቹ ያን ያህል ወፍራም የሆኑት ለመድፍ ነው እያሉ ሲቀልዱ ትሰማ ነበር። በመጨረሻ ሲትዌ ስደርስ አውንግ ሚንጋላር በሚባለው ሰፈር በኩል አልፌ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አልፌያለሁ። ባለ ሦስት እግሯ ታክሲ አጥር ሽቦና ፖሊስ ባለበት ጎዳና ስትጠመዘዝ ሹፌሩን ምንድን ነው አልኩት፤ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ይህን ጨርሶ ረስቼው ነበር። የድሮ ፎቶዎቼን ከፈትኩ። ፍርስራሽ ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ውስጥ፣ ከሺታውንግና ከኮታውንግ መሐል፣ ዛፍ የዋጠው አሮጌ ሕንፃ አለ። ድንጋዩ ጠቁሯል፣ በሩ ታሽጓል። ስንት መቶ ዘመን ሆኖት ይሆን ብዬ ያነሣሁት ነው። ለቁጥር 16 ላክሁላት። የሲትዌ ጃማ መስጊድ እንደሆነ መለሰችልኝ። ከተዘጋ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር።

ፎቶውን ከዚያ ፎልደር አወጣሁት። የት እንደማስገባው ግን አላወቅኩም፣ ዴስክቶፑ ላይ ተቀምጧል።

ቁጥር 17 ይህ ሁሉ ሲሆን አላነበበም መሰለኝ። ታማሚ አክስቱን ሰው አገር ጥሎ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ስለ ቅርስ ምን ያወራል ብሎ ሰደበኝ። ልጇ አጠገቧ እንደነበረች ጽፌያለሁ። አክስቴን ይህን ሳነብላት ሳቀች። እሷን ያስቀየማት መሄዴ ሳይሆን ይዤላት የመጣሁት ነው። ድንጋዩን መጀመሪያ ለእሷ ነበር የሰጠኋት። ጣዖት ቤቴ አይገባም ብላ በር ላይ መለሰችኝ፤ ቲቪዬ ሥር የተገኘውም ለዚህ ነው።

ቁጥር 18 ለንግድ ባንኮክ የሚመላለስ ልጅ ነው። ድንጋዩን ብሰጠው እዚያ ላለ ገዳም እንደሚያስረክብልኝ ተናገረ። ቁጥር 2፣ ያ ጨዋው ሰው፣ በዚሁ ሥር ተመልሶ ገባና ባንኮክ ምራውኡ እንዳልሆነች በለስላሳ ቃል አስታወሰን። ከእነዚያ ሐውልቶች ጉዞ ላይ ሌላ ጣቢያ መጨመር ነው የሚሆነው። ወደ ምራውኡ ደግሞ የሚሄድ ሰው የለም። ልጁ ኪሎዋ ስንት እንደሆነ ብቻ እንድነግረው ጠየቀ፣ ለሻንጣ። የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፤ 640 ግራም። ነገርኩት። እስካሁን አልወሰንንም። ድንጋይዋ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ናት።

ቁጥር 19 ያው ቁጥር 1 ነው። የጀልባው ዋጋ እንዳልተመለሰለት አስታወሰኝ።